የመስመሩ ሌላ ግማሽ

ረቡዕ፣ የካቲት 19 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ። እህቴ ፋይሏን ለመጨረሻ ጊዜ ሴቭ ያደረገችው በዚህ ሰዓት ነው። ሰዓቱን የሚናገረው ላፕቶፗ ነው፤ እኔ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ፋይሉ የአሥራ ሁለት ሰከንድ አኒሜሽን ነው። አንዱ ሰከንድ ሃያ አራት ምስል ይፈጃል፤ ሲባዛ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ይሆናል። እሷ የደረሰችው ሁለት መቶ አሥራ አንደኛው ላይ ነው። ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር ብቅ ይላል፣ ሽቅብ ይወጣል፣ ይታጠፋል፣ ቁልቁል ይወርድና ወረቀቱ የተቀደደበት ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሞተች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር።

የትምህርት ክፍሏ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለ እሷ አምስት መስመር ተለጥፏል። አራቱ መስመሮች ለማንም ሟች ይሆናሉ። አምስተኛው «በከተማው አውቶቡስ ድርጅት የሎጎ ሥራ ላይ ተሳትፋለች» ይላል። ተሳትፋለች! ሰው በስብሰባ ይሳተፋል፤ በሩጫ ይሳተፋል። እናት በልጇ መወለድ ላይ ተሳትፋለች ይባላል? ሰሌዳውን ከነሚስማሩ ልነቅለው ቃጣኝና ተውኩት። እኔ ወረቀት የምነቅል ሰው አይደለሁም፤ ወረቀት የማስቀምጥ ሰው ነኝ። ስለዚህ የሆነውን ከነቀኑ ጽፌ አስቀምጣለሁ።

የቤት ስሟ ጭረት ነው። ያወጣችላት እናታችን ናት። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ መንገድ ዳር ባለው የፊት ክፍላችን ውስጥ ትሰፋለች። ልጅቷ ገና መቆም ስትጀምር የልብስ ጠመኔ እየሰረቀች፣ ከወለሉ እስከ ደረቷ ድረስ ያለውን ግድግዳ ሁሉ አዳረሰችው። እማዬ መጀመሪያ ታጥብ ነበር። ኋላ ሰለቻትና «እኔ የወለድኩት ልጅ አይደለም፣ ጭረት ነው» አለች፤ ስሙ በዚያው ጸና። አባታችን ሲሞት እሷ ሁለት ዓመቷ፣ እኔ አሥራ ስድስት ነበርኩ። ስለዚህ ወንድሟም፣ ግማሽ አባቷም፣ አልፎ አልፎም ጠላቷ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ከሆንኩ በኋላ ደግሞ «ጋሽ ማህደር» የሚል ስም አወጣችልኝ።

ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ጉሮሮዋን አመማት። ጉንፋን ነው ብለን ተውነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየና የልብ በሯ እንደተጎዳ ነገረን። አትሩጥ፣ ከባድ አታንሳ፣ መድኃኒቷን አታቋርጥ። ሦስቱን ትእዛዞች በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጽፌ ቁም ሣጥኑ ላይ ለጠፍኩ። በማግሥቱ ከወረቀቱ ሥር፣ ጸጉሯ ወደ ኋላ እየበረረ የምትሮጥ ልጅ ተስላበት አገኘሁ።

ግራፊክ ዲዛይን ልማር ስትል እማዬ አልገባትም ነበር። «ሥዕል ነው እንዴ የምትማሪው?»

«አይ እማዬ፣ ሰው ሳያነብ እንዲገባው ማድረግ ነው።»

«እንግዲያ እኔም ተምሬዋለሁ። የኔ ደንበኞች ሳያነቡ ነው የሚለብሱት።»

ከእኔ ጋር የምንጣላው በፋይል ስም ነበር። ሥራዎቿን «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ በቃ»፣ «የእውነት የመጨረሻ»፣ «እማዬን የመጨረሻ» እያለች ነበር የምትሰይመው። ፋይል በቀን ነው የሚሰየመው እያልኩ ስጨቀጭቃት «እሺ ጋሽ ማህደር» ትለኛለች፤ ሳምንት ሳይሞላ «ከእማዬን የባሰ የመጨረሻ» የሚል አያለሁ። የረቡዕ ዕለቱ ፋይል ግን በትክክል «የካቲት 19» ይላል። ይህን ሳይ ደስ አላለኝም። ያቺ ልጅ እኔን መስማት የጀመረችው ምን ቀን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ መስማት ያልነበረባት ቀን ደግሞ የትኛው እንደሆነም አውቃለሁ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ መምህሯ የብራንዲንግ የክፍል ሥራ ሰጣቸው፦ ለከተማው አውቶቡስ ድርጅት አዲስ ሎጎ፣ ቀለም፣ የፊደል ዓይነት፣ በስተመጨረሻም ሎጎው ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ ሞሽን ግራፊክስ። ሃያ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። የሁሉም ሥራ በእጄ ስላለፈ ቆጥሬዋለሁ፤ ሃያ አንዱ ጎማ፣ መሪ ወይም አስፋልት ነው የሳሉት።

በዚያው ሰሞን የእማዬ አሮጌዋ የእጅ ስፌት መኪና ተበላሽታ ነበር። ኅዳር 14 ቀን ተሸክሜ እስከ ጠጋኙ ሱቅ በር አደረስኩና ሥራ ረፈደብኝ ብዬ ጭረትን እዚያው ትቻት ሮጥኩ። ሁለት ደቂቃ ብቆይ ኖሮ ዛሬ ምስክሩ እኔ ነበርኩ። ጠጋኙ መኪናዋን ሲከፍት ክሩ ከጥቅሉ ተነስቶ፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ በብረቷ ጣት ዞሮ፣ ወደ መርፌው ወርዶ፣ ጨርቁን ወግቶ ሲመለስ አየች። ሎጎው እሱ ነው። አንድ ሰማያዊ መስመር ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይወጋል፣ ይመለሳል። አውቶቡስም ሥራው ይኸው ነው።

የክፍሉን ከፍተኛ ውጤት አገኘች። መምህሩም «ክፍቱን ፋይል ላኪልኝ፣ ለውጤት አሰጣጥ ያስፈልጋል» አላት። ክፍት ፋይል ማለት እያንዳንዱ መስመር እንዳለ የሚነቀልበትና የሚቀየርበት ዋናው ሥራ ነው፤ ለሰው ከሰጡት ቤትን ከነቁልፉ እንደ መስጠት ነው። ላከችለት። መምህር አይደል?

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ቢሮዬ እያለከለከች ገባች።

«ሮጥሽ?»

«ተወው እሱን! ጋሽ ማህደር፣ የእማዬ ክር አውቶቡስ ላይ ወጥቷል! ስድስት ቆጠርኩ። ሰባተኛውን ስከተለው አመለጠኝ።»

እየሳቀች ነበር። ያኔ ገና ንዴቱ አልደረሰባትም። ድርጅቱ ሎጎውን ሲያስመርቅ ያሳተመውን መጽሔት ስናገኝ ነው ፊቷ የተለወጠው። መምህሩ ከራሱ ፎቶ ሥር «መስመሩ የዘመናዊ ከተማን የመንገድ መረብ ያመለክታል» ብሏል። የእሷ ስም የትም የለም። ሄዳ ጠየቀችው። የተባባሉትን በምሳ ሰዓት ቃል በቃል ነገረችኝ።

«የክፍል ሥራ የትምህርት ክፍሉ ነው» አላት። «ደግሞ ምን ጎደለብሽ? ሥራሽ ከተማውን ሁሉ እየዞረ አይደል?»

«እኔ ግን አብሬው አልዞርኩም፣ መምህር።»

«ገና ተማሪ ነሽ። ስም ቀስ ብሎ ይመጣል።»

አሁን የራሴን ልናገር። የድርጅቱ የሎጎ መመሪያ መጽሐፍ አንድ ቅጂ ወደ መዝገብ ቤት ተላከ። እኔ ቅጹን ሞላሁ። «አዘጋጅ» የሚል ሣጥን አለ። በእኛ ሙያ አዘጋጅ የሚባለው ሰነዱን ያወጣው መሥሪያ ቤት እንጂ ብዕሩን የያዘው እጅ አይደለም። ስለዚህ «የግራፊክ ዲዛይን ትምህርት ክፍል» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ አንዱን ቅጂ ለክፍሉ ላክሁ። ጭረት ጠረጴዛዬ ላይ አይታው «አንተም?» አለችኝ። «ደንቡ ነው» አልኳት።

የስኬች ደብተሯም አለ። ሃምሳ ሁለት ገጽ፤ መስመሩ ከመጀመሪያ ሙከራው እስከ መጨረሻው፣ ገጽ በገጽ ከነቀኑ። ሰኔ ላይ «ቤት ውስጥ ውሃ ይነካዋል፣ እኔ ጋ ይሻላል» ብዬ ወስጄባት ነበር። አልፈለገችም። ለመንኳት። የመዝገብ ቤታችን የማቆያ ሰንጠረዥ «የተማሪ ረቂቅ ሥራ፦ አንድ መንፈቅ ዓመት፣ ከዚያ ይወገዳል» ይላል። ጥር 9 ቀን፣ ዓርብ፣ የማስወገጃ ዝርዝር ቀረበልኝ። ስድሳ ሦስት ተራ ቁጥሮች ነበሩበት። ሳላነብ አልፈረምኩም፤ አንብቤ ነው የፈረምኩት። አርባ ሰባተኛው የእሷ ደብተር ነበር። ዝርዝሩ የሚጽፈው የተማሪ መለያ ቁጥር እንጂ ስም አይደለም፤ የገዛ እህቴን ቁጥር በቃል አላውቀውም ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይላሉ። እኔ የሰው አላማሰልኩም፤ የራሴን በእጄ አቃጠልኩት።

ይህ ከሆነ ከሃያ ስድስት ቀን በኋላ፣ የካቲት 5፣ ጭረት የመመረቂያ ፖርትፎሊዮዋን አቀረበች። ገምጋሚዎቹ አምስት ነበሩ፤ አንዷ ከውጭ የተጋበዘች ባለሙያ። ሎጎው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ሴትየዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «ይሄ በየቀኑ የምሳፈርበት አውቶቡስ ላይ ያለው አይደለም እንዴ?» አለች።

«አዎ፣ የኔ ነው» አለች ጭረት።

«አውቶቡሱ?»

ሰዎቹ ሳቁ።

«ሎጎው።»

መምህሩ እዚያው ተቀምጧል። ሦስተኛው ወንበር ላይ። ስልኩን አውጥቶ ያነብ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አንድ ቃል ነበር የሚፈለግበት፤ «የእሷ ነው» ማለት። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች ያንን ዝምታ አላዩትም። ቃለ ጉባኤው በማግሥቱ ወደ እኔ መጣ፤ የሁሉም ፊርማ አለበት፣ የእሱም። «ተማሪዋ የሌላ ድርጅትን መለያ ገልብጣ ማቅረቧ ተጠርጥሯል። ሥራው የራሷ ለመሆኑ ቀን ያለው የመጀመሪያ ረቂቅ እስከ ዓርብ የካቲት 21 ካላቀረበች ፖርትፎሊዮው ውድቅ ሆኖ ከምረቃ ትሰረዛለች።» የአራት ዓመት ትምህርት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ።

ከግምገማው ወጥታ በቀጥታ ወደ እኔ ነበር የመጣችው። በሩን ሳታንኳኳ ገባች። «ደብተሬን።»

ተነስቼ መደርደሪያው ጋ ሄድኩ። ሣጥኑ የለም። የማስወገጃ ዝርዝሩን አወጣሁ። ጣቴን ከላይ ወደ ታች እያወረድኩ አርባ ሰባት ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከጎኔ ቆማ አብራኝ ታነብ ነበር።

«ፊርማው የማን ነው?» አለች፤ እያወቀችው።

«የኔ።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። «አምሮብሃል ፊርማህ» ነበር ያለችው። እስከ ዛሬ ከተናገሩኝ ሁሉ የከፋው ይኸው ነው።

ከሳምንት በኋላ፣ የካቲት 12፣ አንድ የፊደል አጣጣል መጽሐፍ ውስጥ እንደ ዕልባት ተቀምጦ የጠጋኙን የመረከቢያ ወረቀት አገኘችው። እማዬ ዓመት ሙሉ ስትጨቀጭቃት የነበረው ወረቀት ነው፤ መኪናዋ ከተጠገነች ቆይታለች፣ ሰውዬው ግን ወረቀት ለሌለው ለገዛ ልጁም አይሰጥም። ፊቱ ላይ ቁጥር 318፣ ኅዳር 14፣ የሱቁ ማህተም። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሳለ መስመር። እኔ ቀኑን አይቼ ዘለልኩ። ከክፍል ሥራው ማስረከቢያ በፊት የተጻፈ፣ በሦስተኛ ወገን ማህተም የተመታ ቀን! ወረቀቱን አገላብጬ ደጋግሜ አየሁት፤ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ማህተሙን። መስመሩ ጠርዙ ላይ ሲደርስ መቆረጡን አላስተዋልኩም። እሷ አስተውላለች። ግን አልነገረችኝም፤ ወረቀት ያለበትን ቦታ ለእኔ መንገር ትታ ነበር።

እሑድ የእማዬ ዋናው የስፌት መኪና ሞተሩ ተቃጠለ። ለአንድ ትምህርት ቤት አርባ የደንብ ልብስ ልታስረክብ ተዋውላለች። ረቡዕ ጠዋት ቁርስ ላይ እማዬ «ወረቀቱ ከተገኘ ሄደሽ መኪናዬን አምጪልኝ» አለች።

«እስከ ዓርብ ማንም አይነካውም» አልኩ እኔ። «ለጠጋኙ ከሰጠሽው አለቀ። ለእኔ ስጪኝ፣ ካዝና ውስጥ ልቆልፈው።»

«ለአንተ?» አለችኝ። «አንዴ ሰጥቼህ ነበር እኮ።»

«ያኔ ደንቡ...»

«ደንቡማ ጤና ነው። የታመምነው እኛ ነን።»

«ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር በሥርዓት ይዘሽ አታውቂም!» ብዬ ጮህኩባት። እማዬ «በቃ! በቃ! በገበታ ላይ!» አለች። ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ስመለስ የእጅ ስፌት መኪናዋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። እማዬ ኮሌታ እየሰፋች ነው። ወረቀቱ እንደሄደ ገባኝ። ጭረት ከክፍሏ ወጥታ «ጋሽ ማህደር፣ ና አንድ ነገር ላሳይህ» አለችኝ፤ ስልኳን ይዛ ነበር። «የምታሳዪኝ ነገር የለም» አልኳት። «ይቆይህ፣ ነገ ስትበርድ» አለችኝና ሳቀች። በሬን ዘጋሁ።

ነገ አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት እማዬ ልትቀሰቅሳት ስትገባ ነው ያገኘቻት። ሐኪሙ የልብ በሯ ነው፣ ስትተኛ ነው፣ አልተሰቃየችም አለ። እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነበር። «ከባድ ነገር ብታነሳ ኖሮ?» አልኩት። መኪናዋን መዝኜያታለሁ፤ አሥራ አንድ ኪሎ ናት። «በዚያ አይደለም» አለኝ። እንዲያ ሲለኝ አላመንኩትም።

ከሐዘኑ በኋላ ሥራ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ለመዝገብ ቤት ግልባጭ የተደረገ ደብዳቤ ጠበቀኝ። «ባለጉዳይዋ በሕይወት ስለሌለች ጉዳዩ ተዘግቷል።» ማህደሯ ውስጥ በራሴ እጅ አስገባሁት። ከዚያ ኮቴን ሳላወልቅ ወደ ጠጋኙ ሄድኩ፤ ያንን ወረቀት ከቆሻሻ ቅርጫቱም ቢሆን ላወጣው።

ጠጋኙ ሽማግሌ ነው። ሱቁ ውስጥ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ወረቀት የተሰካባቸው ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ወንድሟ አንተ ነህ? ወረቀት የምትጥለው?»

«ቁጥር 318ን ፈልጌ ነው» አልኩት።

«እሷ ናት ያለችኝ፣ ልጄ። አትቀየም።» ተነስቶ አንዱን ሽቦ አወረደ። «እኔ ዕቃ ስረከብ አንድ ወረቀት እጽፍና ለሁለት እቀደዋለሁ። ግማሹ ለባለቤቱ፣ ግማሹ እዚህ ሽቦ ላይ፣ በተራው። ባለቤቱ ሲመጣ ግማሾቹ ከገጠሙ ዕቃውን ይወስዳል። አንዴ ለማይሆን ሰው ሰጥቼ ተቃጥያለሁ።» 317ን አሳለፈ፣ 318 ላይ ቆመ። «የዚያን ቀን መኪናዋን እየፈታሁ፣ ልጅቷ ሳልቀደው ጀርባው ላይ ትስልበታለች። 'አንቺ ልጅ፣ ይሄ የሥራ ወረቀት ነው!' ብዬ ነጥቄ ቀደድኩት።»

ሁለቱ ግማሾች አንድ ላይ ተሰክተዋል። ገልብጬ አየሁ። መስመሩ ከአንዱ ግማሽ ተነስቶ፣ ቅዳዱን ተሻግሮ፣ በሌላኛው ዞሮ ይመለሳል። አንዱ ግማሽ ከኅዳር 14 ጀምሮ ከዚህ ሽቦ ወርዶ አያውቅም፤ ከላዩ 317፣ ከታቹ 319፣ ከነዝገታቸው። ሙያዬ ምን እንደሚል እኔ አውቃለሁ፦ ከቦታው ያልተነቀለ ሰነድ ካዝና ውስጥ ከተቆለፈ ሰነድ ይበልጣል። ለብቻው የመጣ ወረቀትን ማንም «ትናንት ነው የሣልሽው» ሊለው ይችላል። ከወንድሞቹ መሀል ያለን ግን ማንም ሊለው አይችልም። ይህን እራት ላይ ስንት ጊዜ ደስኩሬባታለሁ! ስታዛጋ ነበር። ሰምታለች ለካ። ከሁለታችን የመዝገብ ሰው እሷ ነበረች።

«ዓርብ ሽቦውን ይዘው ይምጡልኝ አለችኝ» አለ ሽማግሌው። «ሄድኩ እኮ። ከረባት አድርጌ፣ ሽቦውን በጨርቅ ጠቅልዬ። ስጠይቅ አንድ መምህር ወጣና ልጅቷ አርፋለች አለኝ። ቢሆንም አደራ ነውና ይሄን እዩላት አልኩት። 'አባት፣ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ይሂዱ' አለኝ።»

«ሳያየው?»

«ጨርቁን ስፈታ እጄን ያዘኝ።»

ሽቦውን ፎቶ አንስቼ ከማመልከቻ ጋር ለኮሚቴው አስገባሁ። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ፦ «የተዘጋ ጉዳይ የሚከፈተው በባለጉዳዩ ማመልከቻ ብቻ ነው።» ደግሜ አነበብኩት። ባለጉዳይዋ ትምጣና ታመልክት ነው የሚሉት። የጻፈው ሰው ያንን ዓረፍተ ነገር ጽፎ ምሳውን በልቷል።

መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ተነስቶ «ሐዘንህን እረዳለሁ» አለኝ።

«ሐዘኔን አይረዱልኝ። ሎጎው የማን ነው?»

«የትምህርት ክፍሉ።»

«ሽቦውን እንዳያዩ የሽማግሌውን እጅ የያዙት ለምንድን ነው?»

መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ቅጽ አወጣና በሁለት ጣቱ ወደ እኔ ገፋው። «አዘጋጅ፦ የግራፊክ ዲዛይን ትምህርት ክፍል።» ከሥሩ ፊርማዬ። «አንተው አይደለህ እንዴ የመዘገብከው?» አለኝ በለዘብታ።

ልመታው እችል ነበር። ያልመታሁት ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም፤ ቅጹ ትክክለኛ ስለነበረ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ውሻው እኔ ነኝ።

ወደ መዝገብ ቤት ተመለስኩና ዋናውን መዝገብ ከፈትኩ። በእኛ ሥራ ስህተት አይፋቅም፤ የተሰረዘው እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዛል። የትምህርት ክፍሉን ስም በአንድ ሰማያዊ መስመር ሰረዝኩ። ከላዩ የእህቴን ሙሉ ስም ከነአባቷና ከነአያቷ ጻፍኩ። በማስረጃ ሣጥኑ ውስጥ «የጠጋኙ ሽቦ፣ ቁጥር 318፣ ኅዳር 14» ብዬ ሞላሁ። ፈረምኩ። «ከሥልጣኑ ውጭ መዝገብ አርሟል» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ እሱንም ቁጥር ሰጥቼ አስቀምጬዋለሁ። ለምረቃ አላበቃትም። አውቶቡሶቹ አሁንም ያለ ስሟ ይዞራሉ። አንድ ቦታ ግን እውነቱ ተጽፏል፤ ሊሰርዘው የሚፈልግ ካለ እሱም በአንድ መስመር ብቻ ነው የሚሰርዘው፣ ከሥሩም ይነበባል።

ሽቦውን ይስጡኝ ብዬ ሽማግሌውን ለምኜው ነበር። «እዚሁ ይቆይ ብላኛለች» ብሎ እምቢ አለኝ። አኒሜሽኑን እንጨርሰው የሚሉ ጓደኞቿ መጥተው ነበር። እኔም እምቢ አልኳቸው።

የቀረው ረቡዕ ከሰዓት ያደረገችው ነው፤ ከጠጋኙና ከእማዬ ሰምቼ አጣርቼዋለሁ።

ከስምንት ሰዓት ከሩብ በኋላ ላፕቶፗን ዘግታ፣ ግማሹን ወረቀት መጽሐፉ ውስጥ አድርጋ ወጣች። ሱቁ ስትደርስ ሽማግሌው «ዓመት ቆይተሽ መጣሽ? እኔ ሞተሻል ብዬ ነበር» አላት። «ገና ነኝ አባባ» አለችው። ሽቦውን አስወርዳ ግማሹን ከግማሹ ስታገጥም መስመሩ ቅዳዱን አለፈ። ሽማግሌው መነጽሩን ፈልጎ አይቶ «ምንድን ነው?» አለ። «እርስዎ የፈቱት መኪና ክር ነዋ። ያኔ የነጠቁኝ!» ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ በስልኳ ፎቶ አነሳችው፤ ፎቶው አለ። ማታ ልታሳየኝ የመጣችው እሱን ነበር።

«ይቺን እንዳይጥሏት፣ አባባ።»

«እኔ ወረቀት ጥዬ አላውቅም።»

«ወንድሜ ግን ይጥላል። በሥርዓት ነው የሚጥለው፣ ፈርሞ።»

ሽማግሌው መኪናዋን ዘይት ቀብቶ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞከራት። ልጅቷ ልትሸከም ስትል ከንፈሯ መጥቆሩን አይቶ ከለከላትና እስከ ፌርማታው ራሱ ተሸከመላት። ሰማያዊ መስመር ያለበት አውቶቡስ መጣ። ሾፌሩ ወርዶ መኪናዋን እያነሳ «ምንድን ነው እንዲህ የከበደው?» አለ።

«ይሄ አውቶቡስ የተቀዳበት ነው።»

«የስፌት መኪና ነው እኮ፣ እህቴ!»

«እኔስ ምን አልኩ?»

ከቤታችን ፌርማታ እማዬ ወጥታ ጠበቀቻት። «ዓመት ከሦስት ወር!» እያለች በአንድ በኩል ያዘች፤ ልጅቷ በሌላው። ሁለት ቦታ አርፈው ገቡ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። እማዬ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ሦስቴ ሞከረች፣ ዓይኗ አልደረሰላትም። «ተይው፣ አምጪ» አለች ጭረት። ክሩን ከጥቅሉ አነሳች፣ ወደ ላይ ወሰደች፣ በብረቷ ጣት አዞረች፣ አወረደች፣ ጫፉን በምላሷ አርሳ በመርፌው ዓይን አሳለፈች። እማዬ እጀታውን አንዴ አዞረችው። ኮሌታው ላይ አንድ ስፌት ወጣ።

«ሠራች» አለች እማዬ።